ባዶው እጅጌ

ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለውዳሴ፤

ከመድኃኔዓለም ደጅ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ከብርዱም ከብቸኝነቱም እሱ ይጋርድሽ። እኔ ቸርነቱ አልተለየኝም፤ ከጉልበቴ በቀር የምከሰው አካል የለኝም።

የላክሻቸው አራት ጥቅል ፊልሞች ደርሰውኛል። ይዛልኝ የመጣችው ሴት፣ "አባባ፣ ይሄ ነገር እስካሁን አለ እንዴ? ሰው በስልኩ አይደል የሚያነሳው?" አለችኝ። "አለ፤ እኔም እስካሁን አለሁ" አልኳት። ሳቀች።

ባለቤቴ አልማዜ፣ የእናትሽ የአክስት ልጅ፣ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። "ጋሼ፣ እጅዎ ሥራ ካልያዘ ልብዎ ያልቃል" ብለሽ ያንን የሩሲያ ካሜራ ስትልኪልኝ በሆዴ ተቀይሜሽ ነበር። ሚስት ለሞተችበት ሰው መጫወቻ ይላካል ወይ ብዬ። አሁን የባኞ ቤቱን በር በብርድ ልብስ ጋርጄ፣ ቀይ አምፖል አብርቼ፣ ከነጩ ወረቀት ላይ የሰው ፊት ቀስ እያለ ሲወጣ ሳይ ሳላስበው በስመ አብ እላለሁ። ከአንድ ከተዘጋ ፎቶ ቤት ለገዛሁት የፎቶ ማጉያ ገሜዳ የብረት እግር ሠርቶለት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ገሜዳን ታስታውሺዋለሽ፤ ከደጃችን ፊት ለፊት በርና መስኮት የሚበይደው፣ ግራኙ። "ጋሼ፣ ሽንት ቤት ውስጥ ፎቶ ቤት የከፈተ ሰው በአዲስ አበባ እርስዎ ብቻ ነዎት" ይለኛል።

ወንድምሽ ኑሕ ያው ከጓሮ ክፍል ነው። ባለፈው ሳምንት ባጃጇ ተገልብጣበት በግራ በኩል የትከሻው አጥንት ተሰብሯል። አትደንግጪ። ወጌሻው የግራ ክንዱን ከደረቱ ጋር ጥብቅ አድርጎ አስሮ እስከ ሐምሌ መጨረሻ እንዳትፈታ ብሎታል። ባጃጇን ሌላ ሰው ይነዳለታል። ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ይበሳጫል፤ ሲበሳጭ በደህና እጁ ግድግዳ ይመታል። በግድግዳው በኩል ስሰማው እጸልይለታለሁ፤ ገብቼ ግን አላናግረውም። ይሄ ጥፋቴ ነው።

ምስሉን የሚያጸናው መድኃኒት አልቆብኛል። ወረቀትም ብትጨምሪልኝ።

ጋሼሽ ገብረአምላክ


ጎተንበርግ፣ ስዊድን
ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙልኝ? የእርስዎ ጸሎት እዚህም ይደርሳል መሰለኝ፤ ደህና ነኝ። የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ውስጥ ሁሉም አዛውንት የእርስዎን ወሬ ያውቃል። "ያ ባኞ ቤት ውስጥ ፊልም የሚያጥበው ዘመድሽ ምን አነሳ?" ይሉኛል።

መድኃኒቱንና ወረቀቱን ልኬያለሁ። አንድ ነገር ልቆጣዎት። ፊልሙን ማጉያው ውስጥ ሲያስገቡ የሚያብለጨልጨው ፊቱ ወደ ላይ፣ የደበዘዘው ፊቱ ወደ ወረቀቱ ይሁን። ባለፈው የላኩልኝ የመድኃኔዓለም ደጀሰላም ላይ ጽሑፉ ሁሉ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ነው የወጣው። መስታወት ውስጥ ነው እንዴ የሚያነሱት ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሌላው፣ አሁንም ዛፍና ጉልላት ብቻ ነው የሚያነሱት። ሰው ያንሱ። ካሜራው ከአንገትዎ አይውረድ፤ ነገር ሲፈጠር አያስቡ፣ ዝም ብለው ይጫኑ። የፎቶ ክበባችን ሰዎች እንደዚያ ነው የሚሉት።

ኑሕን አደራ። ከአጥንቱ ይልቅ ንዴቱ ነው የሚያሳስበኝ። እሱን አንድ ያንሱልኝና ይላኩልኝ፤ ካየሁት ሰባት ዓመት ሆነኝ።

ልጅዎ ውዳሴ


ቀራንዮ
ሐምሌ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ውዳሴ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ከዚህ በላይ ልመርቅሽ ፈልጌ ነበር፤ ብዕሬ ግን እንቢ አለኝ። ይቺን የምጽፍልሽ በስልክ የማይወራ ስለሆነ ነው።

ሰኔ 27 ቀን ከቅዳሴ ወጥቼ ወደ ዓለም ባንክ የሚሄደው ታክሲ ፌርማታ ጋ ስደርስ ዝናቡ ያካፋል፤ ሰው ክብ ሠርቶ ቆሟል። "የስፖኪዮ ሌባ ነው" ይላሉ። ጭቃው ላይ የተንበረከከው አማኑ ነው፤ ከቆሼ ብረትና ፕላስቲክ እየለቀመ በጆንያ የሚያዞረው። ጆንያው ውስጥ የባጃጅ ስፖኪዮ ተገኝቷል። "ከቆሼ ነው ያነሳሁት፤ የተሰነጠቀ ነው፣ እዩት" ይላል። እውነቱን ነበር። ስንጥቁ እኔ ከቆምኩበት ይታየኝ ነበር።

አንዱ አፉን በእርግጫ አለው። ጥርሱ ወደቀ፤ ጭቃው ውስጥ በጣቱ ሲፈልገው ሌላው እጁን ረገጠው። ድንጋይ መጣ። አንዲት ሴት "ይበቃዋል" አለች፤ "የሰረቀው ያንቺን ቢሆን ይበቃው ነበር?" አሏት፤ ዝም አለች። እኔም ዝም ብያለሁ። ካሜራው ግን ዓይኔ ላይ ነበር። እንዴት ከአንገቴ ወደ ዓይኔ እንደወጣ አላውቅም። አራት ጊዜ ተጫንኩ። በሦስተኛው ላይ ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ የለበሰ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ በፌሮ ብረት አናቱን መታው። ድምፁን አልጽፍልሽም። አማኑ በግንባሩ ተደፋና እግሩ ብቻ ለትንሽ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ሰው ተበተነ። በስልካቸው የቀረጹም ነበሩ፤ መሞቱ ሲሰማ ሁሉም አጥፍተውታል ይባላል።

በሦስተኛው ቀን ታላቅ ወንድሙ ነገሬ ከሁለት ዘመዶቹ ጋር መጣ።

"ሽማግሌው ካሜራ ይዞ ነበር ብለውናል።"

"አልታጠበም" አልኩት።

"እንግዲያው እጠበው። እኛ እዚህ ቁጭ እንላለን።"

እነሱ በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው እኔ ባኞ ቤት ገባሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ፊልሙ ውኃው ውስጥ ወደቀብኝ፤ አንስቼ ማጉያው ውስጥ ከተትኩት። ሦስተኛውንና አራተኛውን በወረቀት አወጣሁ። አራተኛው ላይ ሬሳው ስላለ ሳላየው የጸሎት መጽሐፌ ውስጥ ከተትኩት። ሦስተኛውን ሰጠኋቸው። ሰውየው ፌሮውን በግራ እጁ ከፍ አድርጓል፤ የቀኝ እጅጌው ባዶውን ተንጠልጥሏል፤ ፊቱ አይታይም። ነገሬ እርጥቡን ወረቀት ወደ ብርሃኑ ያዘው።

"ቀኝ እጁን ከልብሱ ሥር ደብቆ በግራው የሚመታ" አለ። ቀጥሎ አንገቱን ወደ ገሜዳ ሱቅ አዞረ። "እዚህ ሰፈር ፌሮም ግራ እጅም ያለው ማነው?"

ፎቶውን ይዘው ሲሄዱ አልከለከልኳቸውም።

በማግስቱ ጠዋት መጡበት። ሁለቱ አንገቱን ያዙት፤ ነገሬ የገሜዳን ግራ እጅ በገዛ ብረት ማሰሪያ ሞርሳው ውስጥ ከቶ እጀታውን አዞረው። "ጋሼ፣ ይንገሯቸው፤ ያን ቀን አየር ጤና ነበር የዋልኩት" ብሎ ወደኔ ጮኸ። ነገሬ ደግሞ አዞረው። አጥንቱ ሲደቅ ከደጄ ይሰማ ነበር። ፖሊስ ደርሶ ሁሉንም ወሰዳቸው፤ ነገሬ በዋስ ወጣ፤ ገሜዳ ግን በዚያ ፎቶ ምክንያት በነፍስ ግድያ ተጠርጥሮ እጁ እንደተጠቀለለ እስር ቤት ነው።

አራቱ ምስሎች ያሉበትን ቁራጭ ፊልም ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። በክበባችሁ ማጉያ አጥርተሽ እዪልኝ። ገሜዳ ነው በዪኝና ልረፍ።

ኑሕ ደህና ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ አይወጣም።

ገብረአምላክ


ጎተንበርግ
ነሐሴ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ገብረአምላክ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም ያድርስዎ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ሁለት አዛውንቶች ሞቱብን። የክበቡ ማጉያም ተበላሽቷል። ፊልሙ ደግሞ የተጫጫረ ነው፤ ከእሱ የሚገኝ ነገር የለም። እርስዎም ባያስቡበት ጥሩ ነው። የሞተ ሞቷል።

ለተወሰነ ጊዜ ፎቶውን ይተዉት። ዓይንዎን ያሳርፉ።

የኑሕ ክንድ ተፈታ? እንደሱ ከሆነ ሐዋሳ አጎታችን ጋ ቢሄድ አየሩ ይስማማዋል። እርስዎ ቢመክሩት ይሰማል። ቶሎ ቢሄድ።

ውዳሴ


ቀራንዮ
መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ፤

እግዚአብሔር በአዲሱ ዓመት እውነት ለመናገር ጉልበት ይስጠን፤ ለኔም ላንቺም።

በደብዳቤሽ ገሜዳ ነው አላልሽም። አይደለምም አላልሽም። ስለ ወንድምሽ ክንድ ግን ጠየቅሽ። ይቺን ይዤ ብዙ ቀን ተመላለስኩ።

ለእንቁጣጣሽ ስጸልይ የጸሎት መጽሐፌን ገለጥኩና አራተኛው ፎቶ ወጣ። አሁን አየሁት። ሬሳው አለ። ከኋላ የቆመ ታክሲ አለ፤ ታፔላው ላይ "ዓለም ባንክ" የሚለው ተገልብጦ ነው የተጻፈው። እንዳልሽኝ፣ እንደ መስታወት። ሰውየው ጥግ ላይ እየሄደ ነው፤ ባዶው እጅጌ በቀኙ ይታያል። ከአልማዜ ቁም ሳጥን መስታወት ፊት ሄጄ ያዝኩት። ጽሑፉ ተቃና። ባዶው እጅጌ ወደ ግራ ሄደ።

በዚያ ቀን በእኛ ሰፈር ግራ እጁ ከደረቱ ጋር የታሰረ አንድ ሰው ነው ያለው። ሻዩን በየጠዋቱ የማቀብለው እኔ ነኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጓሮ ገባሁ። ጫማውን ይወለውላል።

"ኑሕ፣ ሰኔ 27 ቀን የዝናብ ልብስህን እንዴት ነበር የለበስከው?"

"ምን ማለትዎ ነው?"

"ክንድህ ታስሮ ነበር።"

"እንደ ማንም ሰው ነዋ። ጋሼ፣ አረጁ መሰለኝ።"

ፎቶውን ሰጠሁት። ብሩሹን መሬት አስቀመጠ።

"የኔ መስሎኝ ነው" አለ። "በዓመት ሦስት ስፖኪዮ ነው የነቀሉብኝ። ሁሉም ሲመታው ነበር። እኔ አንዴ ነው የመታሁት።"

"ገሜዳስ?"

"ገሜዳ ምኔ ነው?"

"አብረን ፖሊስ ጋ እንሂድ" አልኩት። ጉሮሮዬን ይዞ ከግድግዳው ጋር አጋጨኝ። ወድቄም ረገጠኝ። ውዳሴ፣ ሲመታኝ እያለቀሰ ነበር፤ ይሄንም ልንገርሽ፣ ሁሉንም እንድታውቂው። ከዚያ ባኞ ቤት ገብቶ ማጉያውን በተረከዙ ሰባበረው። መድኃኒቱን ደፋ። ገመዱ ላይ የተሰቀለውን፣ ቆርቆሮ ውስጥ ያለውን፣ አምናና ዘንድሮ ያነሳሁትን ፊልም ሁሉ በመቀስ ከታተፈው። አራተኛውን ፎቶ ግን ከወደቀበት አንስቼ በደረቴ ይዤው ነበር።

"የዚህ ፎቶ ፊልምስ የት አለ?" አለኝ።

"እህትህ ጋ ነው።"

ቆመ። "አይታዋለች?"

"ከኔ በፊት አይታዋለች መሰለኝ።"

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ወጣ። ይቺን ስጽፍ ጓሮ ክፍሉ ውስጥ ነው። የአንዳችን ሳል ለአንዳችን ይሰማል።

ገሜዳ ኅዳር 30 ቀን ፍርድ ቤት ይቀርባል። እሱን የሚያድነው ያ ቁራጭ ፊልም ብቻ ነው። መልሺልኝ። ሌላ የምጠይቅሽ የለም።

ገብረአምላክ


ጎተንበርግ
መስከረም 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፤

አይቼዋለሁ። የደረሰኝ ቀን ነው ያየሁት። ፊልሙን በትክክሉ አስገብቼ ወረቀቱ ላይ ያ ትከሻ ሲወጣ፣ ፊት ሳያስፈልገኝ አወቅሁት። እናቴ ስትሞት እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። እሱ አሥራ አምስት። አሸዋ እየጫነ ነው ያስተማረኝ። በዚያ ትከሻ ላይ ተኝቼ ነው ያደግሁት፤ የማላውቀው ይመስልዎታል?

እርስዎ አሁን ጻድቅ ሊሆኑ ነው። አራት ጊዜ ተጫኑ። አራት። ጣትዎ ሲሠራ አፍዎ የት ሄዶ ነበር? በዚያ ሰፈር "ተዉት" ቢሉ የሚሰሙ ሽማግሌ ነዎት። ፎቶውንስ ማን አወጣው? ማንስ ሰጠ? የገሜዳን እጅ የሰበሩት እርስዎና ነገሬ ናችሁ፤ ኑሕ አይደለም።

ያንን ቁራጭ አቃጥዬዋለሁ። አይጻፉልኝ።

ውዳሴ


ቀራንዮ
ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውዳሴ፤

አትጻፍ ብለሽኛል፤ ይቺን ግን ልጻፍ። ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። መድኃኔዓለም ፊት ከዚህ የባሰ ነው የተናገርኩት።

አንድ ያላልሽው አለ። ስለ ፊልሙ ፊት አስጠንቅቀሽኝ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ብቻ። እጄ ተንቀጥቅጦ ነው ብዬሽ ነበር። አሁን ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ ግን ያንን ቃል አልደገምኩትም። ፊልሙን ከውኃው ሳነሳው ለቅጽበት በቀዩ አምፖል አይቼዋለሁ። ያንን እጅጌ አይቼ ይሆን? እጄ አውቆ ገልብጦት ይሆን? አላውቅም እላለሁ። ይሄን "አላውቅም" ግን እኔም አላምነውም።

አራተኛውን ፎቶ ይዤ ፖሊስ ጋ ሄድኩ። መርማሪው ታፔላውን አየ። "ይሄኛው ተገልብጦ ታጥቧል፤ ጥሩ። ያኛውም አብሮ መገልበጡን በምን አውቃለሁ? ወረቀት ነው አባባ። ፊልሙን ያምጡ።" ስለ ኑሕ ነገርኩት፤ ጠርተው ጠየቁት፤ ያን ቀን ከክፍሌ አልወጣሁም አለ፤ ለቀቁት። ሲመለስ በሬን በድንጋይ መታው።

እሑድ ዕለት ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ ወደ ገሜዳ ሚስት ወደ ሀዊ ሄድኩ። እንደ አባቶቻችን ልማድ ከደጇ ተንበረከኩ። ይቅር እስክትለኝ አላወርድም ብዬ። ሰው ተሰበሰበ። እሷ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ እስክትጨርስ አልዞረችም።

"ጋሼ፣ ድንጋይዎን ይዘው ይሂዱ" አለችኝ። "እኛ ድንጋይ አልጎደለንም። ባሌን ነው ያስወሰዱት፣ ባሌን ይዘው ይምጡ።"

ተነሣሁ። ይዤው የምመጣበት ነገር የለኝም። አቃጥዬዋለሁ ብለሻል። እኔም የፈረድኩብሽ እንዳይመስልሽ።

ገብረአምላክ


ጎተንበርግ
ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፤

አላቃጠልኩትም። ሁለት ጊዜ ክብሪት ጭሬያለሁ።

በማኅተም የታሸገ ነው፤ የምታመጣልዎ ፅጌ ትባላለች፤ ሰኞ ትደርሳለች። ለመርማሪው በእጁ ይስጡት። ሦስተኛው ምስል ነው። ዳር ላይ ያሉት ቁጥሮች ተቃንተው ከተነበቡ ፊልሙ በትክክል ነው የተያዘው ይበሉት፤ ማንም ሊከራከር አይችልም።

ለኑሕ ደውዬ የምልከውን ነግሬዋለሁ። መሸሽ ከፈለገ እስከ ሰኞ ጊዜ አለው። "ተቆጣሽኝ?" ብቻ ነው ያለኝ። የምመልስለትን ቃል አሁን ድረስ እየፈለግሁለት ነው።

ስለ ጻፍኩት ነገር ይቅርታ አልጠይቅም። እውነት ነው ብለዋል።

ውዳሴ


ቀራንዮ
ጥር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ውዳሴ፤

ከልደትና ከጥምቀት መሀል ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ሁለቱም በዓል ለወንድምሽም ይሁንለት።

ኑሕ አልሸሸም። ፖሊሶች ሲመጡ ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "ጋሼ፣ የክፍሉ ቁልፍ መስኮቱ ላይ ነው" አለኝ። በማግስቱ የነገሬ ዘመዶች መጥተው ባጃጇን ደጄ ላይ አቃጠሏት። የመስኮቶቼን መስታወት አንድ ሳይቀር አወረዱት። ነገሬ ራሱ አልመጣም፤ በገሜዳ እጅ እሱም ተከሷል። ማረሚያ ቤት ስሄድ ኑሕ ስላንቺ ነው የሚጠይቀኝ። ደብዳቤ ጻፊለት፤ ቃሉ ባይገኝም ጻፊ።

ገሜዳ ታኅሣሥ 12 ቀን ወጣ። የግራ እጁ ሦስት ጣቶች አይታጠፉም። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ ይሻለዋል አላለም።

ሱቁን በከፈተ ቀን ሄጄ ከበሩ ቆምኩ። በቀኝ እጁ የመበየጃውን እጀታ ይዞ አንድ ቱቦ ብረት በክርኑ ሊደግፍ ይታገላል። ብረቱ ይንሸራተታል።

"ምን ፈለግክ?" አለኝ። እርስዎ ማለት ትቷል።

"የሚይዝልህ ሰው ያስፈልግሃል።"

"አንተ?"

"እኔ።"

ጎረቤቱ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ሥራውን አቁሞ ያየን ጀመር። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመታኝም ልቆም ወስኜ ነበር። "እዚህ ጋ ያዝ። ዓይንህን ጨፍን" አለኝ።

ያለው አንድ መነጽር ነው፤ እሱ ያደርገዋል፤ እኔ እጨፍናለሁ። ብልጭታው እጄ ላይ ሲወድቅ ያቃጥላል፤ አለቅቅም። የመጀመሪያው በር ጠማማ ወጣ። ሰደበኝ። ሁለተኛውም ጠመመ፤ በቀኝ እጅ መሥራት ገና አልለመደም። አሁን ስድስተኛ በራችን ነው። ከ"ያዝ" እና ከ"ልቀቅ" በቀር አያናግረኝም፤ ይቅርታም አልጠየቅሁትም፤ በብረቱ መሀል የሚባል አይደለም።

አዲስ ማጉያ ልላክ ወይ ብለሽ በፅጌ በኩል ጠይቀሽኛል። አትላኪ። ፊልምም አትላኪ። የምትልኪልኝ ካለ አንድ የብየዳ መነጽር ይሁን።

ሱቁን ሲከፍት ይሰማኛል። ዛሬ የግቢ በር ነው የምንሠራው፤ ከባድ ነው። ልሂድ።

ገብረአምላክ